በልጆች ካርቱን ውስጥ ያለው አስጸያፊ ቀልድና የቤተ ክርስቲያን መጸየፍ

መግቢያ

ውድ አንባቢ፣ መጋቢ ከሆኑ ወይም ለመጋቢነት እየተዘጋጁ ካሉ፣ የሚከተለውን ጥያቄ ከአንዲት እናት መስማትዎ አይቀርም፦ «ልጄ ቀኑን ሙሉ ካርቱን ላይ ተጥዶ ይውላል። የሚያየው ደግሞ ንፍጥ፣ ፈስና ሽንት ቤት ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም ወይ?» እኔ ይህን ጥያቄ በአርባ ምንጭ ከሴቻም ከሲቀላም ሰምቼዋለሁ። ለብዙ ጊዜ መልሴ አንዲት ቃል ነበረች፦ «ይዝጉበት።» ይህን ጽሑፍ ያቀረብሁት ያ መልስ ለምን እንዳልበቃ ለማሳየት ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰንበት ትምህርት ክፍል ነው። ከጨንቻ ደጋ ወርዳ ከተማ የገባች አንዲት እናት ልጇን ልታደርስ መጣች። እግሮቿ አብጠዋል። ብዙዎቻችን ዝሆኔ የምንለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ሕመም ነው። ቁስሉ ይሸታል። በሩ ላይ ስትቆም ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ አፍንጫውን ያዘና በስልክ የለመደውን፣ ከሽንት ቤት መቀመጫ ውስጥ ብቅ የሚለውን ጭንቅላት ዜማ ጀመረ። ሌሎቹ ተቀበሉት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጇ ቀና ብሎ አላየም። በሚቀጥለው እሑድም አልመጣም።

እኔ በዚያው በሚቀጥለው እሑድ ስለ ቴሌቪዥን ሰበክሁ። ካርቱኑን ገሠጽሁ፣ ወላጆችን አስጠነቀቅሁ፣ ጉባኤውም «አሜን» አለልኝ። ወደ ሴቲቱ ቤት የሄድሁት ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እዚያ የሰማሁትን በመጨረሻ እነግርዎታለሁ። አስቀድመን ግን የምንተቸውን ነገር እንወቅ፤ ሳያዩ መተቸት ከሐሰት ምስክርነት ብዙ አይርቅምና።

ልጆቻችን የሚያዩት ምንድን ነው?

በካርቱን መሳቅ አዲስ ነገር አይደለም። ቶም ኤንድ ጄሪ ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ1940 ወዲህ አንድ ድመት በመጥበሻ ሲደበደብ፣ እንደ ወረቀት ሲጠፈጠፍና ተመልሶ ሲነሣ ዓለም ሁሉ ስቆአል። በዚያ ዘመን ቀልዱ በመውደቅና በመመታት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ኒኬሎዲዮን በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ የወጣው የሬን እና ስቲምፒ ካርቱን ግን ሌላ በር ከፈተ። በውስጡ አንድ ቀጭን ውሻና አንድ ወፍራም ድመት አሉ። ንፍጥ፣ ግሳት፣ ትውከትና የቆሸሸ ጥርስ በቅርበት ተስሎ ስክሪኑን ይሞላል። ሠዓሊዎቹ ቀደም ሲል የሚደበቀውን ነገር ሆን ብለው አጕልተው አሳዩ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ካርቱኖች ይህን ስልት ወረሱ። ከእነርሱም ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ስፖንጅቦብ ነው። የፈጠረው ስቲቨን ሂለንበርግ ስለ ባሕር ፍጥረታት ያስተምር የነበረ ሰው ነበር።

ይህ ሁሉ ወደ አርባ ምንጭ እንዴት መጣ? አንደኛው መንገድ በየቆርቆሮው ላይ የተተከለው ዲሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ኤም ቢ ሲ ስሪን የመሰሉ የዐረብ የልጆች ጣቢያዎች በዲሽ በኩል ከየቤቱ ገቡ። ልጆቻችን ዐረብኛ አያውቁም፤ ሆኖም ሳቁ። ኦጊና በረሮዎቹ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረው የፈረንሳይ ካርቱን ደግሞ ንግግር የለውም። ይህን ልብ ይበሉ። ንፍጥ ትርጉም አይፈልግም። በቃላት ላይ የቆመ ቀልድ ባሕር ሲሻገር ይሞታል፤ በሰውነት ላይ የቆመ ቀልድ ግን አማርኛም ጋሞኛም ለሚናገር ልጅ እኩል ይደርሳል።

ሁለተኛው መንገድ ስልኩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሌክሲ ገራሲሞቭ የተባለ ወጣት በዩቲዩብ ላይ ስኪቢዲ ቶይሌት የተባለ ተከታታይ አኒሜሽን መልቀቅ ጀመረ። ከሽንት ቤት መቀመጫ ውስጥ የሚወጡ፣ የሚዘፍኑ ጭንቅላቶች አሉበት። በእነርሱ ላይ የሚዘምቱት ደግሞ በራሳቸው ፋንታ ካሜራ፣ ድምፅ ማጉያና ቴሌቪዥን የተተከለላቸው ሰው መሳዮች ናቸው። መጀመሪያ አጭር ቀልድ ነበር። ወዲያው ጦርነት ሆነ፤ ጦርነቱም እያደገ ሄደ። በሰንበት ትምህርት ክፍላችን የተዘፈነው ዜማ ከዚህ የመጣ ነው።

የተለመዱት ሁለት መልሶቻችን

መጋቢዎች ይህን ስንሰማ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን እንላለን። አንደኛው «የዲያብሎስ ሥራ ነው» ነው። ሁለተኛው «የልጅ ነገር ነው፤ ሲያድጉ ይተዉታል» ነው። የፊተኛው ልጁን ይገፋል፤ የኋለኛው ልጁን ብቻውን ይተዋል። ሁለቱም ካርቱኑን ከመመልከት ያድኑናል።

የመጀመሪያው መልስ የሚጠቀምበት ጥቅስ ኤፌሶን 5፥4 ነው። ሐዋርያው በዚያ የሚያሳፍር ነገርን፣ የሞኝ ንግግርንና ዋዛን ለቅዱሳን የማይገባ አድርጎ ይቆጥራል። በአማርኛው «ዋዛ» የተባለው በግሪክኛው ዩትራፔሊያ ነው። አርስቶትል ይህን ቃል ለበጎ ነገር ተጠቅሞበታል፤ ለእርሱ በጨዋታ ልከኛ የሆነ፣ ፈጣን አእምሮ ያለው ሰው ጠባይ ነው። ጳውሎስ ግን በክፉ መንገድ ይጠቀምበታል። ለምን? ዐውዱን ይመልከቱ። በፊቱና በኋላው ያለው ዝሙት፣ ርኵሰትና መጎምጀት ነው። በአንጻሩ የቆመው ደግሞ ምስጋና ነው። ስለዚህ ጳውሎስ የሚከለክለው ሌላውን ሰው ለምኞት ወይም ለጥቅም ዕቃ የሚያደርገውን፣ ምስጋናን ከአፍ የሚነጥቀውን አንደበት ነው እንጂ ሳቅን ሁሉ አይደለም። ጥቅሱ ጥብቅ ነው፤ እኔም አላላላውም። ነገር ግን መለኪያው «ይህ ቀልድ ስለ ሽንት ቤት ነው ወይ?» የሚል አይደለም። መለኪያው «ይህ ቀልድ ሰውን ምን ያደርገዋል?» የሚል ነው።

ሁለተኛው መልስም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የአሜሪካ ጥናት 60 የአራት ዓመት ልጆችን ከሦስት ቡድን ከፍሎ ነበር። አንዱ ቡድን ለዘጠኝ ደቂቃ ስፖንጅቦብን አየ፣ ሌላው ቀስ ያለ የልጆች ፕሮግራም አየ፣ ሦስተኛው ሥዕል ሣለ። ወዲያው በተሰጠው ፈተና ስፖንጅቦብን ያዩት ልጆች በትዕግሥትና በትኵረት ከሌሎቹ አነሱ። ጥናቱ የለካው ወዲያው የታየውን እንጂ ለዘለቄታው የሚሆነውን አይደለም። ልጆቹን ያደከማቸውም ፈጥኖ የሚለዋወጠውና ከተፈጥሮ ውጭ የሆነው ነገር እንጂ ንፍጡ ነው አልተባለም። ሆኖም ለሕፃን ልጅ «ምንም አይደለም» ማለት አንችልም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ሰውነትን አያፍሩበትም

አሁን መጽሐፍ ቅዱሳችንን እንክፈት። በመሳፍንት 3 ላይ ግራኙ ናዖድ እስራኤልን ዐሥራ ስምንት ዓመት የገዛውን ወፍራሙን ንጉሥ ዔግሎምን ሲገድለው፣ ስቡ ሰይፉን ይሸፍነዋል። በሩ ተዘግቶ ሲቆይ አገልጋዮቹ ንጉሡ የተፈጥሮ ግዴታውን እያደረገ መስሏቸው እስኪያፍሩ ድረስ ይጠብቃሉ። በዚያ መካከል ናዖድ ያመልጣል። ይህን ታሪክ የሰማ የእስራኤል ልጅ እንደሳቀ አልጠራጠርም። ኤልያስም በ1ኛ ነገሥት 18፥27 በኣል ዘወር ብሎ ይሆናል ብሎ ሲሳለቅ፣ ብዙ ተርጓሚዎች ነገሩ ለመጸዳጃ መሄድን እንደሚያመለክት ይስማማሉ። ዮናስን ዓሣው ይተፋዋል። ሚልክያስ 2፥3 በካህናት ፊት ላይ ፈርስ ይበትናል። ዘዳግም 23፥12-14 ደግሞ በሰፈሩ ውስጥ እግዚአብሔር ይመላለሳልና ሰው ሲጸዳዳ ቈፍሮ እንዲሸፍን ያዝዛል። የሠራዊት ጌታ ስለ መጸዳጃ ሕግ መስጠትን ከክብሩ በታች አላደረገውም። ጌታችንም በማርቆስ 7፥18-19 ስለ ርኵሰት ሲያስተምር፣ ምግብ ከአፍ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ውጭ የሚሄድበትን መንገድ ሳያፍር ጠቅሶአል።

ከሥርዓት የወጣ፣ ምክንያት የለሽ የሚመስል ነገርም በቅዱሱ መጽሐፍ አለ። የበለዓም አህያ ትናገራለች፤ ነቢዩም ሳይደነቅ ከአህያዋ ጋር ይከራከራል (ዘኍ 22)። ግመል በመርፌ ቀዳዳ ሊገባ ይሞክራል። ሰው በዓይኑ ውስጥ ምሰሶ ተሸክሞ የወንድሙን ጉድፍ ይፈልጋል። ፈሪሳዊው ትንኝን አጥርቶ ግመልን ይውጣል (ማቴ 23፥24)። ሕፃናት እነዚህን ሥዕሎች ቢስሉ ከማንኛውም ካርቱን አያንሱም።

ነገር ግን የሳቁን አቅጣጫ ይመልከቱ። በናዖድ ታሪክ የተሳቀው በጨቋኙ ላይ ነው። በኤልያስ ቃል የተሳቀው ሕዝቡን በሚያታልል ጣዖት ላይ ነው። በጌታ ምሳሌዎች የሚሳቅበት ራሱን ጻድቅ ያደረገ ሰው ነው። ሳቁ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ሳቅም በመጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ በወታደሮቹ መካከል እናገኘዋለን። ቀይ ልብስ አለበሱት፣ እሾህ ደፉበት፣ በፊቱም ላይ ተፉ። የሰውን ፊት በምራቅ ማልበስ አስጸያፊ ቀልድ ነው፤ ያ ቀልድ የተደረገው በጌታችን ላይ ነው። ኢሳይያስ 53፥3 አስቀድሞ ሰዎች ፊታቸውን የሚሰውሩበት ሰው እንደሚሆን ተናግሮለት ነበር። ክርስቲያን ስለዚህ ዓይነት ቀልድ ሲያስብ ከዚህ ቦታ መጀመር አለበት።

ሁለት ካርቱኖችን እንመርምር

ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ካርቱኖቹ እንመለስ። ከስፖንጅቦብ ሁለተኛ ሲዝን አንድ ክፍል ልውሰድ። ስፖንጅቦብ አንድ ቀን ከካቻፕ፣ ከሽንኩርትና ከነማሰሮው ከለውዝ ተክል የተሠራ ነገር ይበላል። ትንፋሹ ይገማል። በመንገድ ያገኘው ሁሉ ይሸሸዋል። እርሱ ግን ለምን እንደሸሹት አያውቅም። ወዳጁ ፓትሪክ ጉዳዩን መርምሮ «አስቀያሚ ስለሆንህ ነው» የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ስፖንጅቦብ ይህን አምኖ ያዝናል፣ ይደበቃል፣ በኋላም በሰው ፊት ቆሞ አስቀያሚነቱን ያውጃል። ፓትሪክ ለምን አልሸሸም? አፍንጫ ስለሌለው ነው።

ይህ ክፍል ከማስጸየፍ አይመለስም። አረንጓዴ ጭስ አለ፣ የሚወድቁ ሰዎች አሉ። ግን ታሪኩ የሚነገረው ከሸሹት ሰዎች ወገን ቆሞ አይደለም፤ ከተሸሸው ወገን ነው። ልጁ እየሳቀ ሳለ ሰው ሁሉ ሲሸሽህ ምን እንደሚሰማህ ይማራል። የተሸሸ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ራሱን መጥላት እንደሚጀምርም ያያል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብዙ ስብከቶቼ ይህን ያህል አላስተማሩም።

ስኪቢዲ ቶይሌት ግን ሌላ ነው። የሚገርመው፣ ስለ ሽንት ቤት ይሁን እንጂ በውስጡ ቆሻሻ የለም ማለት ይቻላል። ጕድለቱ ሌላ ቦታ ነው። በአንዱ ወገን ራስ አለ፣ አካል የለም። በሌላው ወገን አካል አለ፣ ፊት የለም። ሙሉ ሰው በየትም የለም። ማን ለምን እንደሚዋጋ አይነገርም። እያንዳንዱ ክፍል ካለፈው የበለጠ ፍንዳታ ያመጣል እንጂ የሚያዝን፣ የሚያፍር፣ ይቅር የሚል አይገኝም። የበለዓም አህያ ሥርዓትን የሰበረችው ነቢዩ ያላየውን መልአክ ልታሳየው ነው። ይህ ግን ሥርዓትን ሰብሮ ከኋላው የሚያሳየን ሌላ ሽንት ቤት ብቻ ነው። ልጅን በዚህ ብገሥጸው «ሽንት ቤት ነውር ነው» ብዬ አልገሥጸውም። «እዚህ ውስጥ የምታዝንለት ሰው አገኘህ ወይ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅ። ካርቱን ሁሉ የልጆች አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሚታየው ሳውዝ ፓርክ ሕፃናት ቢሳሉበትም የተሠራው ለአዋቂዎች ነው። ርኵሰትንና ዝሙትን የሚያዋሕድ እንዲህ ያለ ነገር በኤፌሶን 5 ፊት አይቆምም። «ሥዕል ስለሆነ ምንም የለበትም» ብለው ስልኩን ለልጁ የሚሰጡ ወላጆች ይህን ሊያውቁ ይገባል። እዚህ ላይ «ይዝጉበት» የሚለው የቀድሞ መልሴ ዛሬም ትክክል ነው።

መጸየፍ በጋሞ ምድር

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። መጸየፍ ምን እንደሆነ ከካርቱን የምንማር ሰዎች አይደለንም። በጋሞ ደጋ ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂው ደጋላ እየተባለ ከማላው ተለይቶ ኖሮአል። ጋብቻ አልነበረም፣ ማዕድ አልነበረም፣ በሌላው ቤት እንደ ልብ መግባት አልነበረም። የእጁን ማሰሮ ገዝተን ወጥ ሠራንበት፤ እጁን ግን ተጸየፍን። ወንጌል ይህን ግድግዳ ሊያፈርስ መጣ። ጴጥሮስ በሐዋርያት ሥራ 10፥28 ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል እግዚአብሔር እንዳሳየው የተናገረው ለእኛም ነው። ግድግዳው በስብከታችን ፈርሶአል። በጋብቻችን መፈረሱን እያንዳንዱ አጥቢያ ራሱን ይጠይቅ።

ፖዶኮኒዮሲስም እንዲሁ ነው። ይህ ሕመም በጋሞና በወላይታ ደጋዎች ይታወቃል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። በኢትዮጵያ የሠራው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ምክንያቱ አፈሩ መሆኑን አስረድቶ ስም አወጣለት። ስሙ ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ይከላከለዋል። የታመመውን እግር በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ እጅግ ይረዳዋል። እግርና አቧራ፣ ውኃና ፎጣ! ዮሐንስ 13ን ለሚያነብ ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የቀረበ ሕመም ይኖራልን? ሆኖም እነዚህን ሰዎች ከገበያ፣ ከጋብቻ፣ አንዳንዴም ከጸሎት ቤት አግልለናል። ያገለላቸው ሽታው ነው ብለን እናመካኛለን።

በሁለተኛው መቶ ዘመን ማርሲዮን የተባለው መናፍቅ ክርስቶስ እውነተኛ ሥጋ አልለበሰም አለ። ተርቱሊያን «ስለ ክርስቶስ ሥጋ» በተባለው መጽሐፉ ሲመልስለት ማርሲዮን የሚጸየፈውን ነገር አንድ በአንድ አነሣበት፦ ማሕፀኑን፣ ደሙን፣ የተወለደውን ሕፃን የሚያጥቡበትንና የሚጠቀልሉበትን ጨርቅ። ክርስቶስ ሰውን የወደደው ከዚህ ሁሉ ጋር ነው አለው። መጸየፋችን ወደ ኑፋቄ ሊያደርሰን እንደሚችል ያን ጊዜም ታውቆ ነበር። ሰውነትን የሚያፍርበት መንፈሳዊነት ከካርቱኑ ይልቅ ከወንጌል የራቀ ነው።

ፊት ያለው ሰው

ልጆቻችን ከፊታቸው ሌላ ነገር አይተው አያውቁም አንበል። ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሁላችን አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያርፉ ያለቀሱት አዋቂዎች በፊታቸው ተቀምጠው ያደጉ ልጆች ነበሩ። በተረቶቻችን ውስጥ ጅብ ይሞኛል፣ ጦጣ ታታልላለች፣ አህያም ከጅብ ጋር ትሟገታለች፤ ከሥርዓት የወጣ ነገር አላነሰንም። ልዩነቱ ተረቱን የሚነግረው ፊት ያለው ሽማግሌ መሆኑ ነው። ልጁ በማን ላይ እንደሚሳቅ ከተረት ነጋሪው ፊት ያነብባል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጀመረ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ የፈጠሩት ነው። ፀሐይ የቀጭኔ አሻንጉሊት ናት። ፊደልም ጤናም ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘች። እዚህ ስለ ንጽሕና ይነገራል፣ ግን የቆሸሸው ልጅ መሳቂያ ሆኖ አይቀርም። ስለ ሰውነት መናገርና ሰውን ማዋረድ ሁለት ነገር መሆናቸውን በአማርኛ ያሳየን ሥራ ነው።

የእኛ የሰንበት ትምህርትስ? እውነቱን ለመናገር፣ ታጥቦና ተተኵሶ የቀረበ ነው። የኖኅ መርከብ እንስሳት አሉት፣ ፋንድያ የለውም። ናዖድን አናስተምርም፤ የአልዓዛርን ሽታ እንዘልላለን። ልጁ ስለ ሰውነቱ የሚስቅበትና የሚናገርበት ስፍራ በቤተ ክርስቲያን ሲያጣ ወደ ስልኩ ይሄዳል።

ለመጋቢዎች

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ከመገሠጽዎ በፊት ከልጆቹ ጋር አንድ ሙሉ ክፍል ተቀምጠው ይመልከቱ። በሚያስቀው ቦታ ይሳቁ፤ ልጆች የማይስቅን ዳኛ አያምኑም። ሲያልቅ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተሳቀው በማን ላይ ነው? እርሱ ምን ተሰማው? ጌታ ኢየሱስ እዚያ ቢኖር ከማን አጠገብ ይቀመጥ ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ለስፖንጅቦብም ለስኪቢዲም ይሠራሉ። አንዳንዱ ካርቱን ይመልሳቸዋል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል። ዝምታውን ልጆቹ ራሳቸው ይሰሙታል።

ሁለተኛ፣ ናዖድንና ዮናስን ሳያጥቡ ያስተምሩ። ሦስተኛ፣ ለትንንሾቹ ሰዓት ይወሰን፤ በተለይ ከትምህርትና ከጸሎት በፊት። አራተኛ፣ በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥22-24 ሐዋርያው የማናፍርባቸውን ብልቶች ትቶ የምናፍርባቸውን የበለጠ ክብር እንደምናለብሳቸው ይናገራል። ይህን ስለ ሰው አካል ለልጆች፣ ስለ ክርስቶስ አካል ለአዋቂዎች ይስበኩ። ሁለቱ አንድ ስብከት ናቸው።

ማጠቃለያ

አሁን ወደዚያች ሴት ቤት እንመለስ። ገብቼ ስለ ልጆቹ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ስለ ካርቱን መጥፎነትም ጥቂት ተናገርሁ። ዝም ብላ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ «መጋቢ፣ ልጆቹ ምን አጠፉ? ልጅ ያየውን ነው የሚያደርገው። ትልልቆቹ እንኳ አይስቁም፤ እኔ ስቀመጥ ግን ወንበር ይቀይራሉ።» ቀጥላም፦ «እርስዎም ሲጸልዩልኝ እጅዎን ከሩቅ ነው የሚዘረጉት።»

መልስ አልነበረኝም። ልጆቹን ያስተማራቸው ካርቱኑ አልነበረም። ዜማውን ሰጣቸው እንጂ ማንን መሸሽ እንዳለባቸው ያሳየናቸው እኛ ነን። እኛ በጨዋነት በዝምታ የምናደርገውን እነርሱ በዘፈን አደረጉት።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ያ ሁከት በስብከት አልቆመም፤ አባቶቹ ራሳቸውን ዝቅ ባደረጉበት ቦታ ቆመ። ልጆች ከአዋቂ ቃል ይልቅ ጕልበቱ ወደ የት እንደታጠፈ ያያሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ከመድረኩ ወርጄ ከእርሷ አጠገብ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ በሌላው ጎኗ ተቀመጠች። ልጇ መካከላችን ገባ። ሽታው ነበር። ፓትሪክ ከወዳጁ ጋር የቀረው አፍንጫ ስለሌለው ነው፤ ይህን ለማድረግ ፍቅር አያስፈልግም። ጌታችን ግን በአልዓዛር መቃብር ፊት ቆሞ ማርታ አራት ቀን ሆኖታልና ይሸታል ስትለው ድንጋዩን አስነሥቶአል (ዮሐ 11፥39)። እርሱ አፍንጫ ነበረው። ሸትቶታል፤ አልሸሸም።

ውድ አንባቢ፣ የሚቀጥለው እናት ስለ ካርቱን ስትጠይቅዎ ይመልሱላት፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከመመለስዎ በፊት በጸሎት ቤትዎ ዘወር ብለው ይመልከቱ። እሑድ እሑድ ባዶ የሚቀረው ወንበር ከማን አጠገብ ነው?